ከፋኖስ እስከ ገመድ፤ በውኃ ሥራ ላይ የሠራተኛው ሕይወት የተጠበቀበት ታሪክ

ውኃ ሕይወት ነው የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው የለም። ነገር ግን ውኃው ከምንጩ ተነሥቶ በቧንቧ ወደ ቤታችን እስኪገባ፣ ከቤታችንም ወጥቶ እድፋችንን ተሸክሞ በምድር ውስጥ እስኪሄድ ድረስ ስንት ሰው ወደ ጕድጓድ እንደ ወረደለት፣ ከወረዱትም መካከል ስንቱ ሳይመለስ እንደ ቀረ የሚያስብ ጥቂት ነው። የነገሥታትና የጦር አለቆች ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል፤ ዶማና አካፋ ይዘው ለከተማው ሕዝብ ውኃ ያስገኙ፣ የከተማውንም ፍሳሽ የጠረጉ ሰዎች ታሪክ ግን ከአፈሩ ጋር አብሮ ተደፍኖ የቀረ ይመስላል።

በዚህ ጽሑፍ የውኃን ሥራ ታሪክ ሁሉ ለመተረክ አንችልም። ከብዙው አንዱን ብቻ እንመርጣለን፤ እርሱም በጕድጓድና በፍሳሽ ቦይ ውስጥ የሚጠራቀመው ክፉ አየር ሰውን እንዴት ሲገድል እንደ ኖረ፣ ሰውም ከዚህ ሞት ለመዳን ምን ዐይነት ሥርዓት እንዳበጀ የሚነግረን ታሪክ ነው። ይህንንም የምንመርጠው የመጀመሪያው ትምህርት ከ2000 ዓመት በፊት ተጽፎ ሳለ እስከ ዛሬ ድረስ በየአገሩ በዚሁ ምክንያት የሚሞት ሰው ስላልጠፋ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አስቀድመን ጠላቱን እንወቅ። በውጭ የምንተነፍሰው አየር ከመቶው 21 እጅ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። ጥልቅ ጕድጓድ፣ ክዳኑ የተዘጋ ማንሆል፣ የፍሳሽ ታንክ፣ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቈየ የቫልቭ ቤት ግን ነፋስ ስለማያገኘው አየሩ ሊለወጥ ይችላል። የሚበሰብስ ነገርና የሚዝግ ብረት ኦክሲጅኑን ይበሉታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ በታች ይተኛል። ከፍሳሽ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሰውን ይመርዛል። ሚቴን የተባለው ደግሞ ከአየር ጋር ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ ሆኖ ሲቀላቀል ጥቂት የእሳት ፍንጣሪ ካገኘ ይፈነዳል። ከነዚህ ሁሉ አንዱም በዐይን አይታይም። ወራጁ የሚያየው ትናንት የወረደበትን ያንኑ ጕድጓድ ነው፤ ትናንት በደኅና ወጥቶበታልና ዛሬም በደኅና የሚወጣበት ይመስለዋል። የዚህ ሞት ተንኰሉ በዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ነገር በግልጥ ከጻፉት ሰዎች መካከል ሁለት ሮማውያን ይገኛሉ። የመጀመሪያው በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የነበረው የሕንጻ ሊቅ ቪትሩቪዩስ ነው። ስለ ሕንጻ ጥበብ ከጻፋቸው ዐሥር መጻሕፍት ስምንተኛው የሚናገረው ስለ ውኃ ሲሆን፣ ስለ ጕድጓድ ቈፋሮ በደረሰ ጊዜ ቈፋሪውን የሚያስጠነቅቅ ምክር ይሰጣል። ሁለተኛው ስለ ፍጥረት ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ በ77 ዓመተ ምሕረት ገደማ ያቀረበው ታላቁ ፕሊኒ ነው። የሁለቱም ምክር አንድ ነው። ሰው ከመውረዱ በፊት የበራ ፋኖስ በገመድ ይውረድ፤ ፋኖሱ ሳይጠፋ ከቈየ ሰው ሊወርድ ይችላል፤ ከጠፋ ግን ማንም አይውረድ፤ ይልቁንም በጕድጓዱ ግራና ቀኝ ክፉው አየር የሚወጣባቸው ሌሎች የአየር ጕድጓዶች ይቈፈሩ።

ይህን ምክር አጥብቆ ለተመለከተው ሰው ሦስት ቁም ነገሮች ይገኙበታል። አንደኛው፣ መርማሪው ከሰው በፊት ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ምርመራው ክፉ ምልክት ሲሰጥ ሥራው ይቆማል እንጂ ወራጁ በጕብዝናው ተማምኖ አይገባም። ሦስተኛው፣ መድኀኒቱ ሰውየውን ማደንደን ሳይሆን አየሩን መለወጥ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ በውኃና በፍሳሽ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት ደንብ ገጹ ቢበዛም መሠረቱ ከነዚህ ከሦስቱ አያልፍም።

የሚያሳዝነው ነገር ምክሩን ከጻፉት ከሁለቱ አንዱ በክፉ አየር መካከል መሞቱ ነው። በ79 ዓመተ ምሕረት የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ፕሊኒ በሚሴኑም የባሕር ኀይል አዛዥ ነበር። በእሳቱ አጠገብ የተከበቡትን ሰዎች ለማዳን መርከቦቹን አስነሥቶ ሄደ፤ በስታቢያ ባሕር ዳር ግን ወድቆ ሞተ። የእኅቱ ልጅ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ ወፍራሙ ጭስ ትንፋሹን እንደ ዘጋበት ይናገራል። ለማዳን ሲሄዱ የመሞት ነገር ከዚህ በኋላም በታሪካችን ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ አንባቢው ይህን በልቡ ይያዝ።

ከሮማውያን በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1700 በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም በሞዴና ከተማ ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡ የተነሣበትን ምክንያት ሲናገር፣ የቤቱን የመጸዳጃ ጕድጓድ የሚጠርግ ሰው በጭንቀትና በጥድፊያ ሲሠራ አይቶ ለምን እንዲህ እንደሚቸኵል እንደ ጠየቀው ይተርካል። ሠራተኛው የመለሰለትም፣ በዚያ ሥፍራ ከአራት ሰዓት በላይ የቈየ ሰው ዐይኑ እንደሚጠፋ ነው። ራማዚኒ የጠራጊዎቹን ዐይን መረመረ፤ ቀልቶና ፈዝዞ አገኘው፤ በኪሳቸው የያዙት ገንዘብም እንደሚጠቍር አስተዋለ። ብሩን ያጠቈረው ምን እንደ ሆነ በዘመኑ የሚያውቅ አልነበረም። ስሙን ባያውቀውም ምልክቱን መዝግቦ ለሚመጣው ትውልድ አስተላለፈ። ደግሞም ሐኪሞች ሁሉ በሽተኛውን ሲጠይቁ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንዲጨምሩ አስተማረ። ይህች አጭር ጥያቄ የሠራተኛን ጤና የመጠበቅ ጥበብ በር ከፋች ሆነች።

ስሙ የታወቀው በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። አሌሳንድሮ ቮልታ በ1776 ከማጆሬ ሐይቅ ጭቃ የሚወጣውን ተቀጣጣይ ጋዝ ሰበሰበ፤ ይህም ዛሬ ሚቴን የምንለው ነው። በስዊድን የነበረው ካርል ሼሌ ደግሞ በ1777 የበሰበሰ ዕንቍላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድን መረመረ። የአየር ጠባይ እየተገለጠ በሄደ ቍጥር የሮማውያኑ ፋኖስ ጥቅሙና ጕድለቱ አብሮ ታወቀ። ፋኖስ የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ከመቶ ወደ 16 ወይም 17 እጅ ሲወርድ ስለ ሆነ፣ ከመጠን በላይ ከማነሱ በፊት ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሰውን ለመግደል ከሚበቃው በላይ ሆኖ ሳለ ፋኖሱ ደኅና ሆኖ ሊነድ ይችላል። ሚቴን ባለበት ሥፍራ ደግሞ መርማሪው ፋኖስ ራሱ ገዳይ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 እሳቱን በሽቦ ወንፊት የከለለ የማዕድን ፋኖስ የሠራው ይህንኑ አደጋ ለመቀነስ ነው። በአንድ ጊዜ ያዳነ ዕቃ በሌላ ጊዜ እንደሚገድል ይህ ታሪክ ያስተምረናል፤ ዕቃውን መያዝ ሳይሆን ዕቃው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ማወቅ ይበልጣል።

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ታላላቆቹ የኤውሮጳ ከተሞች በኮሌራ ተመቱ። በለንደን በ1858 የቴምስ ወንዝ ግማት ምክር ቤቱን ሳይቀር ስላስጨነቀ፣ ጆሴፍ ባዛልጌት የተባለው መሐንዲስ ታላቁን የምድር ውስጥ የፍሳሽ መስመር እንዲሠራ ታዘዘ። እንዲህ ያለው ሥራ የብዙ ሕዝብ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን ከተማው ሲጸዳ እድፉ አልጠፋም፤ ወደ ምድር በታች ወረደ እንጂ፤ ከእድፉም ጋር አብረው የሚወርዱ ሠራተኞች አስፈለጉ።

በዚያን ጊዜ ብዙዎች በሽታን የሚያመጣው ክፉ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ስኮት ሆልዴን የተባለ፣ በ1860 በኤድንበራ የተወለደ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ከባልደረባው ከካርኔሊ ጋር የፍሳሽ ቦዮችን አየር መርምሮ በ1887 አሳተመ። ያገኙትም ነገር አስደናቂ ነበር፤ በቦዮቹ አየር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት በውጭው አየር ካሉት ያነሱ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ሽታና አደጋ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ ታወቀ። የሚሸት ሁሉ አይገድልም፤ የሚገድልም ሁሉ አይሸትም። ይህ ነገር ከስምንት ዓመት በኋላ በመራራ መንገድ ተረጋገጠ።

ሐምሌ 1 ቀን 1895 በለንደን አጠገብ በኢስት ሃም የፍሳሽ ፓምፕ ጣቢያ አንድ ሠራተኛ ወደ ጕድጓዱ ሲገባ ራሱን ስቶ ወደቀ። ባልደረባው ሊያወጣው ገባ፤ እርሱም ወደቀ። ሦስተኛው ተከተለ፤ አራተኛውም፤ አምስተኛውም። በመጨረሻ አምስቱም ሞቱ። ከአምስቱ መካከል በሥራው ምክንያት የሞተው አንዱ ብቻ ነው፤ አራቱ የሞቱት ወዳጃቸውን ስለ ወደዱ ነው።

ምክንያቱን እንዲመረምር ሆልዴን ተጠራ። ገዳዩ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እንደ ነበረም ወሰነ። የዚህን ጋዝ ጠባይ ማወቅ ለሁላችን ይጠቅማል። እጅግ ጥቂት በሆነ ጊዜ እንደ በሰበሰ ዕንቍላል ይሸታል፤ ከሚሊዮን እጅ 100 ያህል ሲደርስ ግን ማሽተትን ያደነዝዛል፤ ወደ 1000 ሲጠጋ በጥቂት ትንፋሽ ሰውን ይጥላል። ስለዚህ ወራጁ «ሽታው ጠፋ» ብሎ ደስ ሲለው አፍንጫው መሞቱን እንጂ አየሩ መንጻቱን ልብ አይልም። በትልቁ አደጋ ላይ ዘበኛው አስቀድሞ ይተኛል ማለት ነው። ሆልዴን ከዚህ በኋላ በማዕድን ጕድጓዶች ውስጥ ስለሚገድለው አየር ብዙ መረመረ፤ ብዙ ጊዜም መርዙን በራሱ ሳንባ ፈተነ። አይጥና ካናሪ የተባለችው ትንሽ ወፍ ከሰው ቀድመው ስለሚታመሙ ማዕድን ሠራተኞች ይዘዋቸው እንዲወርዱ የመከረ እርሱ ነው። ካናሪዎቹ በእንግሊዝ አገር እስከ 1986 ድረስ በዚህ አገልግሎት ቈይተው በኤሌክትሪክ መመርመሪያ ተተክተዋል።

በለንደን መካከል ፖስትማንስ ፓርክ በሚባለው ትንሽ የአትክልት ሥፍራ፣ ሠዓሊው ጆርጅ ፍሬድሪክ ዋትስ ያሠራውና በ1900 የተመረቀ መታሰቢያ አለ። ሌሎችን ለማዳን ሲሉ የሞቱ ተራ ሰዎች ስም በሸክላ ጽላት ተጽፎበታል። ከነዚያ ጽላቶች አንዱ የኢስት ሃምን አራት ሰዎች ያስታውሳል። ይህ ክብር የሚገባቸው ናቸው፤ ማንም ሊነፍጋቸው አይችልም። ነገር ግን ጽላቱን የሚያነብ ሰው ሌላ ጥያቄም ሊጠይቅ ይገባዋል። ገመዱ የት ነበር? በደጁ ላይ ቆሞ «አትግባ» የሚል አለቃ የት ነበር? ጀግናውን ስናመሰግን ጀግንነትን አስፈላጊ ያደረገውን ጕድለት ብንሸፍን፣ ምስጋናችን ለሚቀጥለው ጀግና መቃብር መቈፈር ይሆናል።

የሰው ተፈጥሮ ወንድሙ ሲወድቅ ዝም ብሎ ሊያይ አይችልም። ይህ ጠባይ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ የተከበረ ነው፤ በእኛም ዘንድ ወዳጁን ጥሎ የቀረ ሰው ስሙ ይነወራል። ስለዚህ ሠራተኛውን «አትዘን፣ አትሩጥ» ብሎ ማስተማር ብቻውን አይበቃም። በዚያች ደቂቃ ልቡ ትእዛዝ አይሰማም። መደረግ ያለበት ወንድሙን በላይ ሆኖ ሊያወጣ የሚችልበትን መንገድ ሥራው ሳይጀመር ማዘጋጀት ነው። ወራጁ የደኅንነት ቀበቶ ለብሶ፣ ቀበቶው በገመድ ከሦስት እግር ማንሻ ጋር ከተያያዘ፣ በላይ የቆመው ሰው መዘውሩን አዙሮ ያወጣዋል፤ ፍቅሩም ክብሩም ሳይጐድል ሁለቱም በሕይወት ወደ ቤታቸው ይገባሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚፈለግ ገመድ ገመድ አይደለም።

ይህ አስተያየት በመንግሥታት ሕግ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። በ1986 የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ምርምር ተቋም ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በዝግ ሥፍራ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 60 እጅ በላይ የሚሆኑት ለማዳን የገቡት እንደ ሆኑ አስታወቀ። በ1993 በዚያው አገር ወደ ዝግ ሥፍራ ስለ መግባት የተሟላ ደንብ ወጣ። በደንቡ መሠረት መግቢያ ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጣል፤ አየሩ አስቀድሞ በመሣሪያ ይለካል፤ አንድ ተጠባባቂ በውጭ ይቆማል፤ ይህም ተጠባባቂ የሚተካው ሰው ሳይመጣ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለከላል። በእንግሊዝ አገር በ1997 የወጣው ደንብ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ሰው መግባቱ ግድ ነውን?» ብሎ ነው። ሥራው ከላይ ሆኖ ሊሠራ የሚችል ከሆነ ሰው አይውረድ፤ መውረዱ ግድ ከሆነም የማውጫው ዝግጅት ከመውረዱ ይቅደም።

በውኃ ሥራ ውስጥ ሰው ራሱ ያመጣው ሌላ አየርም አለ። እርሱም ክሎሪን ነው። በ1908 በአሜሪካ የጀርሲ ከተማን ሕዝብ ውኃ ከበሽታ ለማንጻት ዶክተር ጆን ሊል ክሎሪን ባለበት ኖራ ዘወትር እንዲታከም አደረገ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ብዙ ከተሞች ታምቆ የፈሰሰውን የክሎሪን ጋዝ በብረት ሲሊንደር ይጠቀሙ ጀመር። በዚህ ጥበብ ስንት ሕፃን ከታይፎይድ እንደ ዳነ ቈጥሮ መጨረስ አይቻልም። ሆኖም ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በቤልጅግ አገር በኢፕር ግንባር ይኸው ጋዝ የጦር መሣሪያ ሆኖ ወታደሮችን ፈጀ። ከአየር ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ በምሽጉ ውስጥ ተኛ። በውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ያለው ሲሊንደርም የያዘው ያንኑ ነው። የክሎሪን ክፍል አየር ማውጫ ከወለሉ አጠገብ የሚደረገው፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈተው፣ ሲሊንደሩን ብቻውን የሚለውጥ ሰው የማይፈቀደው፣ ጋዝ ሲያመልጥም ሰዎች ወደ ነፋሱ መምጫና ወደ ከፍታው እንጂ ወደ ዝቅታው እንዳይሸሹ የሚነገራቸው በዚህ ምክንያት ነው። ዱቄት ክሎሪን የሚጠቀም ጣቢያም ዱቄቱን ከአሲድ ጋር እንዳይገናኝ ለይቶ ካላስቀመጠ ያንኑ ጋዝ በገዛ እጁ ይሠራዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ወራጁና ስለ አዳኙ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ ከጕድጓዱ አፍ ርቆ፣ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ የሚጀመርበት ጊዜ አለ። በሰሜን እንግሊዝ የሉን ወንዝን ውኃ በምድር ውስጥ ዋሻ አድርጎ ወደ ዋየር ወንዝ የሚያሻግር ሥራ ተሠርቶ በ1980 ተመረቀ። የዋየር ወንዝ ጐርፍ ያሠጋቸው የአንድ መንደር ሰዎች ሥራውን እንዲጐበኙ ግንቦት 23 ቀን 1984 በአቢስቴድ ወደሚገኘው የምድር ውስጥ የቫልቭ ቤት ተጋበዙ። በቤቱ ውስጥ 44 ሰዎች ነበሩ። ፓምፑ ከ17 ቀን በኋላ እንደገና ተነሣ። በነዚህ ቀኖች ውስጥ ዋሻው በከፊል ባዶ ሆኖ፣ ከዐለቱ የሚወጣው ሚቴን በባዶው ሥፍራ ተጠራቅሞ ነበር። ውኃው በዋሻው ሲገፋ ጋዙን ወደ ቫልቭ ቤቱ ገፋው፤ ቤቱም ፈነዳ። 16 ሰዎች ሞቱ፤ ከቀሩት አንድም ያልቈሰለ አልነበረም።

ከሞቱት አብዛኞቹ የውኃ ሠራተኞች አልነበሩም፤ ለመጠየቅ የመጡ ጐረቤቶች ነበሩ። ማናቸውም የደኅንነት ደንብ አልጣሱም፤ ማንም ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አልነገራቸውም። ቤቱ የተነደፈው ሚቴን ሊኖር ይችላል ተብሎ ሳይታሰብ ስለ ሆነ፣ የዋሻው አየር የሚወጣው በቀጥታ ወደ ውጭ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ባለ ክፍል በኩል ነበር። በ1988 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ኀላፊነቱን በነዳፊዎቹ መሐንዲሶች ላይ አጸና። እንግዲህ አደጋ በደረሰ ቍጥር «ሠራተኛው ባለመጠንቀቁ ነው» ብሎ መዝገቡን መዝጋት የለመድን ሰዎች ሁሉ ይህን ታሪክ ደጋግመን ልናነበው ይገባናል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባል የለምን?

ደግሞም ሕግ መውጣቱ ብቻውን የሚያድን እንዳይመስለን የሕንድን ነገር እንመልከት። በ2013 በዚያ አገር የወጣው ሕግ ሰውን ያለ መከላከያ ወደ ፍሳሽ ቦይ አውርዶ ማስጠረግን ከለከለ። በ2014 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዚህ ሥራ ለሞቱት ቤተ ሰቦች ካሳ እንዲከፈል አዘዘ፤ በ2023ም የካሳው መጠን ከፍ እንዲል ወሰነ። ካሳው ከፍ ማለቱ መልካም ፍርድ ነው፤ ነገር ግን ሞቱ እንዳልቆመም ምስክር ነው። የሚወርዱት አብዛኞቹ ከዝቅተኛው ማኅበራዊ ክፍል የተወለዱ፣ ሌላ ሥራ የማያገኙ ድኾች ናቸው። ሕጉን የሚያስፈጽመው ክፍል ዝቅ ብሎ የሚያያቸው ሰዎች እስከ ሆኑ ድረስ ወረቀቱ ከጕድጓዱ አፍ ሳይደርስ ይቀራል። ደኅንነት የመሣሪያ ነገር ብቻ ሳይሆን የሰውን ክብር የመቀበል ነገር ነው ማለታችንም ስለዚህ ነው።

ወደ አገራችንም ስንመለስ፣ በጕድጓድ ሥራ ሥርዓት አዲስ ነገር አይደለም። በቦረና ምድር «ቱላ» በሚባሉት ጥንታውያን ጥልቅ ጕድጓዶች ውስጥ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደራርበው ቆመው፣ በዜማ ተቀባብለው ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። የመጠጫውን ተራ የሚያዝዝ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰው አለ። ዜማው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ እጅ ከእጅ እንዳይሳሳት ሥራውን በአንድ ልክ ያስኬደዋል። ከዚህ የምንማረው አደገኛ ሥራ ጕብዝናን ብቻ ሳይሆን ተራን፣ ልክንና ታዛዥነትን እንደሚፈልግ አባቶቻችን ያውቁ እንደ ነበር ነው።

ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የዓለም የሥራ ድርጅት አባልም ሆናለች። በ1963 የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ በአዋጅ ቍጥር 210 ተደነገገ። በ1981 የወጣውን ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የሚናገረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አገራችን በ1991 አጽድቃለች። በ2019 የወጣው አዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ የሚጠብቅ መሣሪያ እንዲሰጥ፣ ስለ አደጋውም እንዲያስተምር፣ ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ እንዲጠቀምበትና አደጋ የሚያመጣ ነገር ሲያይ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ስለዚህ ጕድለቱ የሕግ ጕድለት ነው ልንል አንችልም።

የቀረው ነገር ሕጉን ወደ ጕድጓዱ አፍ ማድረስ ነው። በእጅ የሚቈፈር ጕድጓድ በየገጠሩና በየከተማው ግቢ ውስጥ አለ። የቈፋሪው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ዶማ፣ ባልዲና ገመድ ብቻ ነው። ውኃው ሲበዛበት የቤንዚን ፓምፕ አውርዶ በጕድጓዱ ውስጥ የሚያስነሣ ሰው፣ ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው እንደሚገድለው ላያውቅ ይችላል። ይህን የሚነግረው ማን ነው? መሐንዲሱ በከተማ ነው፤ ደንቡ በመደርደሪያ ላይ ነው። ፓምፑ በላይ ይቀመጥ፣ የሚወርደው ቱቦው ብቻ ይሁን የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በጊዜው ቢነገረው ሕይወቱ ይተርፋል። ሕይወትን የሚያድነው ዕውቀት ብዙ ጊዜ እንዲህ አጭርና ርካሽ ነው።

እኛም ብዕር ይዘን በጠረጴዛ ዙሪያ የምንሠራ ሰዎች ነገሩ የሚመለከተው የቧንቧ ሠራተኛውን ብቻ ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም። የጋዝ መለኪያ እንዲገዛ የቀረበውን ጥያቄ «በጀት የለም» ብሎ የሚመልሰው ጸሓፊ ነው። ማንሻውን ከዕቃ ግምጃ ቤት ሳይወጣ ሥራው ዛሬውኑ እንዲያልቅ የሚያዝዘው አለቃ ነው። የመግቢያ ፈቃዱን ጕድጓዱን ሳያይ የሚፈርመው ኀላፊ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ከቀብር በኋላ የሚጻፍ ሰርኩላር ከቀብር በፊት የሚፈረም የግዢ ወረቀትን ያህል አያድንም።

አንባቢ ሆይ፤ ፋኖስ በገመድ ከወረደበት ዘመን አንሥቶ እስከ ዛሬ ያለውን ታሪክ ጠቅለል አድርገን ብናየው፣ ደንብ የሚባለው ነገር ከሰው ተንኰል ወይም ከጽሕፈት ቤት ሥራ ፈትነት የተወለደ አለመሆኑን እንረዳለን። «አየሩን ለካ» የሚለው ቃል ሳይለኩ የወረዱትን ሰዎች ያስታውሳል። «ተጠባባቂው አይግባ» የሚለው ቃል የኢስት ሃምን አራት ሰዎች ያስታውሳል። «የጋዙ መውጫ ወደ ሜዳ ይሁን» የሚለው ቃል የአቢስቴድን ጐረቤቶች ያስታውሳል። ደንቡን ያለ ታሪኩ የሚያነብ ሰው ሸክም ይመስለዋል፤ ታሪኩን የሚያውቅ ግን ከሙታን የተላከ ምክር መሆኑን ያውቃል።

እንግዲህ ማንሆል ከመከፈቱ፣ ጕድጓድም ከመገባቱ በፊት ሠራተኛው አራት ጥያቄ ቢጠይቅ መብቱ ነው። መውረዴ ግድ ነውን? አየሩ ተለክቷልን? በላይ የሚጠብቀኝ ማን ነው? ብወድቅ በምን ታወጡኛላችሁ? ለነዚህ መልስ ካላገኘ አለመውረዱ ፍርሀት አይባልም። መልሱን አዘጋጅቶ መጠበቅ ደግሞ የአለቃው፣ የመሐንዲሱና የጸሓፊው ግዴታ ነው። ቧንቧችንን ከፍተን ንጹሕ ውኃ ስንቀዳ፣ ያንን ውኃ ያመጣልን ሰው በማታ ወደ ልጆቹ በደኅና መመለሱን ካላረጋገጥን የውኃ ሥራችን ተፈጸመ ልንል አንችልም።